ውሻው ምን በላ?
በገበሬው ደጃፍ መርዝን ስለ መጠበቅና የተመረዘን ውሻ ስለ መርዳት

በገጠር ውሻ የሌለው ቤት በር እንደሌለው ቤት ይቆጠራል። ጅብ በበረት ዙሪያ ሲያንዣብብ፣ ቀበሮ ጠቦት ለመንጠቅ ሲያደባ፣ ዝንጀሮ ማሳ ሲገባ፣ ሌባ አጥር ሲጥስ አስቀድሞ የሚሰማውና የሚያሰማው ውሻ ነው። የጠባቂነቱን ያህል ግን ስለ ምግቡ የሚያስብለት ሰው ጥቂት ነው። ትርፍራፊ ሲገኝ ይጣልለታል፤ ሲታጣ ደግሞ ጉድፍ እያገላበጠ፣ ከአውድማ እስከ ወንዝ እየዞረ ያገኘውን ይበላል። በዚህ ምክንያት በሰው እጅ በግዴለሽነት የተቀመጠ መርዝ ቢኖር ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ የሚያገኘው ውሻው ነው።

ይህ ነገር የውሻ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ውሻው የላሰው ዕቃ ነገ ሕፃን የሚጫወትበት ዕቃ ነው። ውሻው የቀመሰውን እህል ዶሮዋም ትለቅመዋለች፣ ጥጃውም ይልሰዋል። አንድ ውሻ ባልታወቀ ምክንያት በድንገት ሲሞት በዚያ ቤት ወይም በዚያ መንደር መርዝ ያለ ቦታው መቀመጡን የሚያስረዳ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ጉዳዩን «ውሻ ሞተ» ብለው ከማለፍ ይልቅ «ውሻው ምን በላ?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።

መርዙ «መድኃኒት» ሲባል

የመጀመሪያው ችግር ከስሙ ይጀምራል። በየገጠሩ የአይጥ መርዝ «የአይጥ መድኃኒት»፣ ነቀዝ ማጥፊያው «የነቀዝ መድኃኒት»፣ አረም ማጥፊያውም «የአረም መድኃኒት» እየተባለ ይጠራል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን መድኃኒት፣ በጎተራ ውስጥ የሚቀበረውም ክኒን መድኃኒት ይባላል። ስሙ አንድ ከሆነ አቀማመጡም አንድ ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ ሙዳይ፣ አንዳንዴም በአንድ ጨርቅ ተቋጥረው ይገኛሉ። መርዝን መርዝ ብሎ መጥራት ወጪ የማይጠይቅ የመጀመሪያ ጥንቃቄ ነው።

በገበሬው ቤት አካባቢ ውሻን የሚጎዱት ነገሮች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው የአይጥ መርዝ ነው። መልኩ ጥቁር ወይም ግራጫ ዱቄት ሲሆን ሽታው ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ከእህል ወይም ከምግብ ጋር ተለውሶ ይቀመጣል። ይህ መርዝ ሆድ ውስጥ ሲገባ ከጨጓራው አሲድ ጋር ተገናኝቶ ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይሆናል። የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ውሻው ያስታውካል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይንቀጠቀጣል።

ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚሠራ የአይጥ መርዝ ነው። ዋርፋሪን፣ ብሮማዲዮሎንና ብሮዲፋኩም የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። አደገኛነታቸው መዘግየታቸው ነው፤ የበላው ውሻ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ጤነኛ መስሎ ይውላል። ከዚያ በኋላ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ደም ይወጣል፣ ዓይነ ምድሩ ይጠቁራል፤ ወይም በደረቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ትንፋሽ ያጥረዋል። የዚህ መርዝ ማርከሻ ቫይታሚን ኬ አንድ ነው። በባለሙያ ለሳምንታት የሚሰጥ ሲሆን በጊዜ ከተጀመረ ብዙ ውሾች ይድናሉ። እንግዲህ «በላ፣ ግን ምንም አልሆነም» ብሎ መተው በዚህ መርዝ ላይ ትልቅ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው በጎተራ ነቀዝን ለመግደል የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ነው። ብዙ ገበሬዎች ፎስቶክሲን በሚለው ስም ያውቁታል። እርጥበት ሲያገኝ ያንኑ ፎስፊን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ እህል ላይ ቢደረግ ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል።

አራተኛው ማላታይንና ዲያዚኖንን የመሳሰሉት የተባይና የመዥገር ማጥፊያዎች ናቸው። እነዚህ ነርቭን ይመታሉ። ውሻው ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅተዋል። መርዙ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። ባለሙያ ዘንድ በጊዜ ከደረሰ አትሮፒን በተባለ መርፌ ሊረዳ ይችላል።

አምስተኛው ስትሪክኒን ነው። በሥጋ ውስጥ እየተደረገ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመግደል ሲሠራበት የኖረ መርዝ ነው። የበላው እንስሳ ብዙውን ጊዜ በ2 ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ትንሽ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የሰው እጅ ሲነካው ይወራጫል። አእምሮውን ሳይስት በሥቃይ የሚገድል መርዝ ነው።

ከነዚህ ሌላ በቀይ ወይም በሮዝ ቀለም የተቀባ የታሸ ዘር፣ የጉሎ ፍሬና ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ፣ ላምባና ናፍታ፣ የመኪና ባትሪ ውሃ ሁሉ ይጎዳሉ። የጉሎ ፍሬ ሪሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አለው። ፍሬው ከታኘከ ብዙውን ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ትውከትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስከትላል። ለሰው ምግብ የሆነውም ቢሆን ለውሻ የማይስማማ አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በብዛት ከተበሉ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ያልተጋገረ ሊጥ በውሻ ሆድ ውስጥ ኩፍ ብሎ ሆዱን ይወጥረዋል፤ እየፈላም አልኮል ይፈጥራል። ገና ያልበረደ የአረቄ ወይም የጠላ አተላም ውሻን ያሰክራል፣ በብዛት ከሆነም ይገድላል።

መርዝ ነው ወይስ ዕብደት?

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይነሳል። በገጠር ለሃጩ የተዝረበረበ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ አፉን የከፈተ ውሻ ሲታይ «መርዝ በልቷል» ወይም «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ይባልና ባለቤቱ ወይም ልጁ ሮጦ እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። ይህ ደግነት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ምክንያቱም የውሻ ዕብደት በሽታ ያንኑ የመሰለ ምልክት ያሳያል። በሽታው መንጋጋንና ጉሮሮን ሲያሽመደምድ ውሻው አፉን መዝጋት፣ ምራቁንም መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሚያየው ሰው ልክ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። በሽታው ያለው ደግሞ በዚያው በሚዝረበረበው ምራቅ ውስጥ ነው።

ሁለቱን ከሩቅ ሆኖ በርግጠኝነት መለየት ባለሙያንም ያስቸግራል። ሆኖም ፍንጭ የሚሰጡ ነገሮች አሉ። መርዝ ብዙውን ጊዜ በድንገት ነው፤ ማታ ጤነኛ የነበረው ጠዋት ይወድቃል፣ ትውከትና ተቅማጥ ይበዛዋል፣ በአካባቢው የተበላ ነገር ይገኛል፣ ሌላ ውሻ ወይም ዶሮም አብሮ ሊታመም ይችላል። ዕብደት ግን በቀናት ውስጥ ይብሳል፤ የውሻው ጠባይ ይለወጣል፣ ለማዳው ይነክሳል ወይም ጨለማ ፈልጎ ይሸሸጋል፣ የጩኸቱ ድምፅ ይለወጣል፣ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፣ ያለ ዓላማ ይባዝናል፣ ከዚያ ይሽመደመድና ምልክቱ ከታየ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ውሻው ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት በማይታወቅ ውሻ ተነክሶ እንደሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጥርጣሬ እስካለ ድረስ ዕብደት ነው ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል። በባዶ እጅ አፉን አለመክፈት፣ ልጆችን ማራቅ፣ ከተቻለ በር ባለው ቤት ወይም በረት ውስጥ ብቻውን መዝጋት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ውሻው ሰው ነክሶ ወይም ምራቁ ቁስል ነክቶ ከሆነ ቦታው ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ከእ.ኤ.አ. 1885 ወዲህ፣ ሉዊ ፓስተር በፓሪስ ክትባቱን ለተነከሰ ልጅ ከሰጠበት ጊዜ ጀምሮ፣ ይህ በሽታ በጊዜ በተሰጠ ክትባት የሚመከት ሆኗል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሥርና ቅጠል ክትባቱን አይተካም፤ በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ጊዜም አይመለስም።

በመጀመሪያው ሰዓት ምን ይደረግ?

ውሻው መርዝ መብላቱ በዓይን ከታየ ወይም ምልክቱ ወደዚያ ካመለከተ ባለቤቱ ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ይመልስ፤ ምን በላ? መቼ በላ? ምን ያህል በላ? ባለሙያው ርዳታ ለመስጠት የሚያስፈልገው የዚህ መልስ ነው። ስለዚህ በእጁ ይዞ የሚሄደው ነገር ከውሻው እኩል ዋጋ አለው።

በቅድሚያ የቀረውን መርዝ ከአካባቢው ማንሳትና ሌሎችን ውሾች፣ ዶሮዎችና ልጆችን ማራቅ ያስፈልጋል። መርዙ በእጅ አይነካም፤ በአካፋ ወይም በላስቲክ በተሸፈነ እጅ ይነሳል።

ሁለተኛ፣ የመርዙ ዕቃ፣ ወረቀቱ ወይም የተቀዳበት ብልቃጥ ይያዛል። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ቢሆንም አይጣልም፤ ስሙን ባለሙያው ያነበዋል። ዕቃው ከጠፋ ከቀረው እህል ወይም ከትውከቱ ጥቂት በላስቲክ ተቋጥሮ ይወሰዳል።

ሦስተኛ፣ ውሻው አየር በሚያገኝበት ጥላ ሥር፣ ጩኸትና ግርግር በሌለበት ቦታ ይደረጋል። ዚንክ ፎስፋይድ ወይም የነቀዝ ክኒን ከበላ ትውከቱ ራሱ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ በዝግ ቤት ውስጥ ማቆየት ወይም ተጎንብሶ ማሽተት ለሰውም አደገኛ ነው። ሰዎች ነፋሱ ከኋላቸው እንዲመጣ ሆነው ይቁሙ። እንዲህ ያለውን ውሻ ምግብ መስጠትም አይገባም፤ ምግብ የጨጓራውን አሲድ ስለሚጨምር ጋዙን ያባብሰዋል።

አራተኛ፣ የተባይ ወይም የመዥገር ማጥፊያ በጠጉሩ ላይ ፈስሶበት እንደሆነ በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። የሚያጥበው ሰው እጁን በላስቲክ ይሸፍን፤ እጣቢውም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ምንጭ እንዳይወርድ ይጠበቅ።

አምስተኛ፣ ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይወሰዳል፤ ሩቅ ከሆነ በስልክ ይጠየቃል። የሚንቀጠቀጥ ውሻ በጆንያ ወይም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በቃሬዛ ወይም በሳንቃ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ይወሰድ። የሚያስታውክን ውሻ አፍ ማሰር አይገባም፤ በትውከቱ ይታፈናል።

የማይደረገውስ?

በመልካም ሐሳብ የሚደረጉና ጉዳት የሚያመጡ ልማዶች አሉ። ከነዚህ ዋናው በግድ ማጠጣት ነው። የተመረዘ ውሻ ሲወድቅ ወተት፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የሎሚ ውሃ በአፉ ይደፋበታል። ወተት መርዝን አያረክስም። ቅባት ደግሞ አንዳንዱ መርዝ ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ውሻ መዋጥ ስለማይችል የተደፋበት ነገር ወደ ሳንባው መግባቱ ነው። ከመርዙ ተርፎ በዚህ የሚሞት አለ።

ሁለተኛው ጨው አሟሙቶ በመስጠት ማስታወክ ነው። ብዙ ጨው ራሱ ለውሻ መርዝ ነው። ማስታወክ አንዳንድ ጊዜ ቢጠቅምም ባለሙያ ሲያዝና በታወቀ መድኃኒት ብቻ ነው። ላምባ፣ ናፍታ ወይም የባትሪ ውሃ የጠጣን ውሻ ማስታወክ በምንም መንገድ አይገባም። ላምባው ወደ ሳንባ ይገባል፤ የባትሪ ውሃ ደግሞ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ እንደገና ያቃጥለዋል። ለሰውም ቢሆን ያው ነው፤ መርዝ የዋጠ ሰው ከነዕቃው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል እንጂ ጣት ተከቶ አያስታውክም።

ሦስተኛው የምድጃ ከሰል አድቅቆ ማጠጣት ነው። ክሊኒክ የሚሰጠው ከሰል መርዝ እንዲመጥ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ የምድጃው ከሰል ያን ሥራ አይሠራም።

አራተኛው መጎተት ነው። ውሻ ገመድ፣ ጅማት ወይም ክር ያለው መርፌ ውጦ ጫፉ በአፉ ወይም በኋላው ቢታይ ስቦ ማውጣት አንጀቱን ሊቆርጠው ይችላል። እንዳለ ሆኖ ወደ ባለሙያ ይወሰድ።

በድን የሚያስከትለው

ርዳታው ሳይደርስ ውሻው ቢሞት ጉዳዩ አያበቃም። በመርዝ የሞተ ውሻ ወደ ገደል ወይም ወደ ወንዝ ቢጣል የመንደሩ ሌላ ውሻ፣ ጅብና ጥንብ አንሳ ይበላዋል፤ መርዙም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ ከውሃ ራቅ ባለ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል፤ ጅብ እንዳይቆፍረውም በላዩ ድንጋይ ይደረደራል። ትውከቱና የቆሸሸው አፈርም አብሮ ይገባል። ነገር ግን ውሻው ከመሞቱ በፊት ሰው ነክሶ ከሆነ ከመቀበሩ በፊት ለእንስሳት ጤና ባለሙያው መነገር አለበት፤ የዕብደት ምርመራ የሚደረገው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነውና። የተነከሰው ሰው ግን የምርመራውን ውጤት ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጅብ በግ ሲፈጅ በበድን ላይ መርዝ አድርጎ መተው በአንዳንድ ቦታ እንደ መፍትሔ ይታያል። ይህ ከሚያተርፈው የሚያጠፋው ይበልጣል። መርዝ የተደረገበትን በድን ከጅቡ ቀድሞ የሚያገኘው የመንደሩ ውሻ ወይም ጥንብ አንሳው ነው። በእ.ኤ.አ. 2019 በቦትስዋና በ3 የተመረዙ የዝሆን በድኖች ምክንያት ከ500 በላይ ጥንብ አንሳዎች ባንድ ጊዜ ሞተዋል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ የህንድ ገበሬዎች አይተውታል። እዚያ ዲክሎፌናክ የተባለ ሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸው ከብቶች ሲሞቱ በድናቸውን የበሉ ጥንብ አንሳዎች ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ እጅግ ተመናመኑ። በእ.ኤ.አ. 2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ቢከለከልም በመካከሉ የሜዳ በድን ቀለብ የሆነላቸው ውሾች በዝተው ነበር። ውሻ ሲበዛ የዕብደት ሥጋትም አብሮ ይጨምራል።

በኢትዮጵያ ደጋዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው፣ በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ከመንደር ውሾች የተላለፈ ዕብደት በባሌ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። ውሻን ማስከተብና የአይጥ መርዝን በየሜዳው አለመበተን ለዚህ አውሬ ጭምር ጥበቃ ነው።

መርዝ ባይኖርበትም በድን ሁሉ ለውሻ አይሰጥም። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት አይታረድም፣ አይገፈፍም፣ አይከፈትም፤ የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ሥጋውን እየጎተተ ወደ ግጦሽና ወደ ደጃፍ የሚያመጣውም ውሻ ነው። እንዲሁም በበግ ወይም በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲገኝ ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። በዚያ እብጠት ውስጥ ያለው በውሻ አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በውሃ ወይም በአትክልት ወደ ሰው ይገባና በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እብጠት ይፈጥራል። ውሻውን ምንም ያላሳመመው ምግብ ባለቤቱን ለቀዶ ሕክምና ያደርሰዋል ማለት ነው።

የመሪዎች ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረውን አንድ ገበሬ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። አንዱ ቢጠነቀቅ ጎረቤቱ መርዝ ከበተነ ጥንቃቄው ከንቱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው መሪዎች በስብሰባ ተነጋግረው ሊወስኗቸው የሚገቡ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ።

በመጀመሪያ የመርዝ አቀማመጥ ነው። በየቤቱ መርዝ ከምግብ፣ ከመኝታና ከሰው መድኃኒት ተለይቶ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በዘይት ዕቃ ውስጥ አይገልበጥ። ባዶ የሆነው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ፣ ዕቃው ተበስቶ ለግብርና ባለሙያው ይሰጥ እንጂ ለውሃ መቅጃ ወይም ለውሻ መመገቢያ አይሁን። አሮጌ መርዝ በመጋዘን ማከማቸትም አይገባም። በኢትዮጵያ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበትን የተባይ ማጥፊያ ለማስወገድ ከእ.ኤ.አ. 2000 በኋላ ከ1,000 ቶን በላይ ተሰብስቦ እስከ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል መደረጉ ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያስረዳል።

ሁለተኛ የአይጥ ዘመቻ በማስታወቂያ ይደረግ። መርዝ የሚቀመጥበት ቀን አስቀድሞ ለመንደሩ ይነገር፤ ዘመቻው እስኪያበቃና የተረፈው መርዝ እስኪሰበሰብ ውሾች ይታሰሩ፣ ዶሮዎችም ይዘጉ። መርዙ በጉድጓዱ አፍ ውስጥ ወይም አይጥ ብቻ በምታልፍበት በድንጋይ በተከደነ ቦታ ይደረግ። በየጠዋቱ የሞቱት አይጦችና የተረፈው መርዝ ተለቅመው ይቀበሩ። የተመረዘ አይጥ የሚበላ ውሻም ሆነ ድመት ሊመረዝ ይችላልና።

ሦስተኛ በበድንና በሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ማስቀመጥ ይከልከል። ጅብ ካስቸገረ በረትን ማጠናከርና ሌሊት ከብት ሜዳ አለማሳደር ዘላቂው መንገድ ነው።

አራተኛ ለእርድ ትርፍና ለበድን የሚሆን የጋራ ጉድጓድ ይቆፈር። በተለይ ለበዓል ሰሞን ብዙ በግና በሬ ስለሚታረድ ጉድጓዱ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። እብጠት ያለበት ጉበትና ሳንባ ተቃጥሎ ወይም ተቀብሮ ይጥፋ።

አምስተኛ ውሾች ይቆጠሩ፣ ይከተቡ። ከመቶ 70 የሚሆኑት ውሾች በየጊዜው ከተከተቡ ዕብደት ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ እንደሚገታ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ክትባቱ ሲመጣ ገበሬው ውሻውን በገመድ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ የመሪው ሥራ ነው። በዚያው ቀን የትል መድኃኒት እንዲሰጥ ባለሙያውን መጠየቅም ይገባል።

ስድስተኛ ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን ዝግጅት ይኑር። የቅርብ የእንስሳት ክሊኒክና የጤና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ የባለሙያዎቹ ስልክ ስንት እንደሆነ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። በየመንደሩ አንድ ሰው ይህን እንዲያውቅ ይደረግ። ውሻ በድንገት ሲሞት ወይም ሲታመም ለዚያ ሰው ይነገር፤ ቀኑ፣ ቦታውና የተጠረጠረው ነገር በመዝገብ ይያዝ። በአንድ ሰፈር ሁለትና ሦስት ውሾች በተከታታይ ከሞቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ መተው የለበትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱም ድርሻ አለው። ጠግቦ የሚያድር ውሻ ጉድፍ ለጉድፍ አይዞርም። ከቤቱ ትርፍ በልክ የሚሰጠው፣ ንጹሕ ውሃ የሚያገኝ፣ ቀን የሚታሰር ውሻ ሌሊት በርትቶ ይጠብቃል፣ መርዝ የማግኘት ዕድሉም ያንሳል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የሚበላው ነገር የተጠበቀለት ውሻ ለቤቱ ይጮኻል፤ ያልተጠበቀለት ግን በማያውቀው መርዝ አንድ ጠዋት በደጃፍ ወድቆ ይገኛል። ያን ጊዜ መሪውም ባለቤቱም ማየት ያለባቸው ከወደቀው ውሻ ባሻገር ነው፤ መርዙ ከየት እንደመጣ፣ የቀረው የት እንዳለ፣ ከውሻው ቀጥሎ የሚያገኘው ማን እንደሆነ በዚያው ቀን ተጣርቶ ከቦታው ሊነሳ ይገባል።